ከቦርሳዬ ያላወጣሁት ውክልና

ቅናተኛ ነኝ። ኋላ ላይ «ምነው፣ እንዲህ ዓይነት ሰው ናት እንዴ!» ብላችሁ ከምትደነግጡ ከአሁኑ ብነግራችሁ ይሻላል። ልጆች ሳለን አባታችን ለሁለታችንም አንድ ዓይነት ጫማ ሲገዛ እንኳ የታናሽ እህቴ የሐያት ጫማ ይበልጥ ያብረቀርቅብኝ ነበር። እናታችን፣ አዮ ነው የምንላት፣ «የእናት ሆድ ዥንጉርጉር» እያለች ትስቅብን ነበር። ሐያት በእጇ ያለውን ለለመናት ሁሉ ትሰጣለች፤ እኔ የሰው እጅ አያለሁ።

ይህ ነገር ሲደርስብኝ የሠላሳ ስምንት ዓመት ሴት ነበርኩ። ጅማ፣ ሄርማታ ገበያው አጠገብ ባለች ጠባብ ሱቅ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። ከባለቤቴ ከከድር ጋር አሥራ አንድ ዓመት ስንኖር ልጅ አልተሰጠንም። ሐኪም ቤት ሄደናል፤ ዱዓ አስደርገናል፤ አንዱ ቅጠል ሲለን ሌላው ሥር ሲለን ሁሉንም ሞክረናል። በመጨረሻ ሰዉ ሁሉ «ምነው፣ ምንም የለም?» ብሎ መጠየቁን ተወ። መጠየቃቸው ያመኝ ነበር፤ መተዋቸው ግን ባሰብኝ።

ሐያት ካናዳ የሚሠራ የጅማ ልጅ አግብታ ሄደች። ሙስጠፋ ይባላል፤ ሸክሙን ችሎ የሚኖር ዝምተኛ ሰው ነው። ሁለቱም እዚያ የመኖሪያ ፈቃድ አገኙ፤ በስድስተኛው ዓመት ደግሞ ሐያት አረገዘች። አገሩንም ልጁንም እሷ ወሰደችው፣ ለእኔ የተረፈኝ የአዮ ደም ግፊትና የስፌት መኪናዬ ነው እያልኩ ብቻዬን አጉረመርም ነበር። አፌ «አልሐምዱሊላህ፣ እንኳን ደስ አለሽ» ይላል፤ ሆዴ ሌላ ይላል።

የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ሆና አዮ ታመመች ሲሏት መጣች። ለሦስት ሳምንት ነበር የመጣችው። አንድ ቀን «የአባቴን ቡና ልየው» ብላ ነዘነዘችንና ከሰቃ አለፍ ብላ ወዳለች ትንሽ የቡና ከተማ ወሰድናት። የከተማዋን ስም አልጠራም፤ ሰዎቿ ምንም አልበደሉኝም። ቡናው መሀል ቆማ ፎቶ ስትነሳ ወገቧን ያዘች። ልጅቷ ያለ ጊዜዋ እዚያው ከተማ ጤና ጣቢያ ተወለደች። ነርሷ ጠቅልላ ስትሰጠኝ መጀመሪያ ያቀፍኳት እኔ ነኝ። ነጃት አልናት።

ችግሩን ያወቅነው ከዚያ በኋላ ነው። ልጅቷ ካናዳ ብትወለድ ኖሮ አገሩ አገሯ ነበር። እናትና አባቷ የመኖሪያ ፈቃድ አላቸው ተብሎ ግን እዚህ ለተወለደች ልጅ በራሱ የሚሰጥ ነገር የለም። ወላጆቿ «ልጃችን ናት፣ አምጡልን» ብለው ስፖንሰር ሊሆኗት ይገባል። ዜግነት ያላገኘ ሰው ደግሞ ስፖንሰር የሚሆነው እዚያው አገር ተቀምጦ ነው። በአጭሩ፣ ሐያት ልጇን ለመውሰድ መጀመሪያ ልጇን ትታ መሄድ ነበረባት። ነጃት አሥረኛ ሳምንቷን ስትይዝ ሄደች።

በምትሄድበት ዋዜማ የአባታችን ጎረቤት አባ ሜጫ ከገጠር መጡ። አባ ሜጫ በአካባቢው ጠብ ሲነሳ የሚያስታርቁ፣ ቃላቸው እንደ ማኅተም የሚታይ ሽማግሌ ናቸው። ነጃትን ከሐያት እቅፍ ወስደው ጭኔ ላይ አስቀመጧት።

«ሰሚራ፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ጉዲፈቻሽ ትሁን። በእኛ ወግ ያሳደገ ወላጅ ነው። አላህ በእሷ ዓይንሽን ያብራልሽ።»

ቤቱ «አሚን» አለ። አዮ አለቀሰች። ሐያትም ምርቃት ነው ብላ «አሚን» አለች፤ ጉንጬንም ሳመችኝ። እኔ ግን ቃሉን ይዤ ቀረሁ።

አንድ ዓመት ከአራት ወር እንዲህ አለፈ። ነጃት የመጀመሪያ ጥርሷን ያወጣችው በእኔ ትከሻ ላይ ነው። የተራመደችው ከስፌት መኪናዬ እስከ ሱቁ ደጃፍ ነው። ማማ ያለችው እኔን ነው፤ ማንም አላስተማራትም። አንድ ነገር ልናዘዝ፦ ሐያት በቪዲዮ የምትደውልበትን ሰዓት ስለማውቅ ሆን ብዬ የእንቅልፏን ሰዓት ወደዚያ አስጠጋው ነበር። ስልኩን ስታይ ትነጫነጭና ፊቷን ቀሚሴ ውስጥ ትደብቃለች። ሐያት «ረሳችኝ እኮ» ስትል እኔ «ምን ታድርግ፣ ሕፃን ናት» እላለሁ፤ ውስጤ ግን ይስቃል።

ደብዳቤው የመጣው እንዲህ እያለን ነው። ማመልከቻውን የሚያዩት ሰዎች የልደት ምስክር ወረቀት ጠየቁ። እኛ ጤና ጣቢያው የሰጠንን ቁራጭ ወረቀት ምስክር ወረቀት ነው ብለን ነበር ያስገባነው፤ አይደለም ለካ። ዋናው በቀነ ገደብ ካልቀረበ መዝገቡ ይዘጋል። ቀነ ገደቡ ሰኞ ነበር። ሐያት አስቀድማ ውክልና ልካልኝ ነበር፤ የእሷና የሙስጠፋ ፓስፖርት ቅጂም አብሮ ነበር።

«ሰሚዬ፣ ማሎ፣ ነገውኑ ሂጂልኝ» አለችኝ በስልክ። ማሎ እባክሽ ማለት ነው፤ እኛ አገር አማርኛውም ያለ እሷ አይሄድም።

ማክሰኞ ጠዋት ነጃትን አዝዬ ወደ ተወለደችበት ከተማ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። መዝጋቢው ቢሮ ምስክር እንደሚፈልግ ስለሰማሁ አባ ሜጫን ደውዬ ጠርቼ ነበር፤ ነጭ ኮፍያቸውን አድርገው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

መዝጋቢዋ ወጣት ናት። ጣቶቿ ሂና አላቸው፤ ፊቷም ክፋት የለውም። አባ ሜጫን ስታይ ከወንበሯ ብድግ ብላ «አከም ጂርቱ» ብላ ሰላም አለቻቸው። ሽማግሌ ይቅደም ብላ መጀመሪያ የጠየቀችውም እሳቸውን ነው።

«ሃቲ ኢሼ ኤኙ?» አለች። እናቷ ማን ናት ማለቷ ነው።

አባ ሜጫ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሌላ ማን ትሆናለች? ይህችው ናት፣ ሰሚራ። አባቷ ከድር ነው። ቤታቸው ጅማ ነው።»

እዚህ ላይ ሽማግሌው ዋሹ እንዳትሉብኝ። በእሳቸው ወግ ጉዲፈቻ ተመርቆ የተሰጠ ልጅ ልጅ ነው፤ አለቀ። ያሳደገችው ሴት በቆመችበት፣ ልጅቷ ጀርባዋ ላይ እያለች፣ «የሌላ ሰው ናት» ብሎ መናገር በሰው ፊት እንደ መግፈፍ ነው። ከነውር ሊከላከሉኝ ነበር። ማረም የነበረብኝ እኔ ነኝ።

መዝጋቢዋ ወደ እኔ ዞረች። «የእርስዎ ናት፣ አዴ?» አለችኝ፤ እመቤት እንደ ማለት ነው።

ቦርሳዬ ጭኔ ላይ ነበር። ውክልናው በሰማያዊ ክላሰር ውስጥ ታጥፎ፣ ከላይ የሐያት ስም ተጽፎበት ተቀምጧል። እጄን አስገባሁ። ክላሰሩን ነካሁት፤ ጠርዙ ጣቴ ላይ ይሰማኛል። ነጃት ከጀርባዬ ሆና የሻሼን ጫፍ ታኝካለች። ያኔ ምን እንዳሰብኩ በደንብ አስታውሳለሁ፤ «አንዴ ብቻ፣ ያ ረቢ፣ አንዴ ብቻ እኔም ይጻፍልኝ» ነው ያልኩት።

«መታወቂያዬ ይኸው» አልኩ።

አዎ አላልኩም። አይደለችምም አላልኩም። መታወቂያዬን ሰጠሁ፤ የሱቁን ፈቃድ ለማሳደስ ይዤው የነበረውን የከድርንም መታወቂያ ጨመርኩበት። መዝጋቢዋ ጻፈች፤ አባ ሜጫ ፈረሙ፤ ማኅተሙ አረፈበት። ወረቀቱን ስትሰጠኝ ሙሉ ስሙን አነበብኩ፦ ነጃት ከድር። የእናት ስም በሚለው መስመር ላይ እኔ አለሁ።

ሚኒባስ ውስጥ ሦስት ጊዜ አውጥቼ አነበብኩት። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት «ልጅሽ ናት? ማሻአላህ፣ አንቺን ትመስላለች» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። በሕይወቴ ይህን ቃል ለዚያ ጥያቄ ስመልስ የመጀመሪያዬ ነበር። ጅማ እስክንደርስ ድረስ እናት ነበርኩ፤ እውነቴን ነው፣ ጸጸት የሚባል ነገር አልነበረኝም።

ማታ ሐያት ደወለች። «አገኘሽው?»

«ሲስተም የለም አሉኝ።»

በእኛ አገር ከዚህ የተሻለ ውሸት የለም። ሁሉም ሰው ያምነዋል፤ ማንም ለምን ብሎ አይጠይቅም። ሐያት ተነፈሰችና «ነገ ሞክሪልኝ» አለች። ረቡዕም «ሲስተም የለም» አልኳት። ሰኞ ካለፈ መዝገቡ ይዘጋል፤ እንደገና ማመልከት ደግሞ ዓመት ይፈጃል፤ በዓመት ውስጥ ነጃት ምን ያህል የእኔ እንደምትሆን አስቤዋለሁ። ከዚያ በኋላ ልውሰዳት ብትል እንኳ፣ እናቷ እኔ ነኝ የሚለው ወረቀት ያለው እኔ ጋ ነው። ይህን ሁሉ ዩኒፎርም እየሰፋሁ፣ መኪናውን በእግሬ እየመታሁ ነው ያሰብኩት።

ለከድር ያሳየሁት ረቡዕ ከሰዓት ነው። ከድር ቡና ገዝቶ ለነጋዴዎች የሚያቀርብ፣ ድምፁ የማይሰማ ሰው ነው። ወረቀቱን ተቀብሎ ወደ መስኮቱ አስጠግቶ አነበበው።

«ሐያት አይታዋለች?» አለ።

«አላየችም።»

«አባ ሜጫ ናቸው ያሉት?»

«እሳቸው ናቸው። እኔ ምንም አላልኩም።»

«እንግዲህ…» ብሎ ሻዩን ሳይጨርስ ተነስቶ ወጣ። ይቆጣል ብዬ ነበር፤ መቆጣቱን እንኳ ሳልፈልገው አልቀረሁም። ሐሙስ ጠዋት ግን ወረቀቱን ካስቀመጥኩበት ሳጥን አውጥቶ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ የራሱን ስም በጣቱ እየተከተለ ሲያነብ አገኘሁት። ሲያየኝ እንደ ሌባ ደነገጠ። አሥራ አንድ ዓመት «አላህ ያውቃል» እያለ ሲያጽናናኝ የነበረ ሰው ምን ያህል ሲመኝ እንደኖረ ያን ጊዜ ገባኝ። የእኔ ቅናት የእኔ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ቤቱን ሙሉ ማቃጠል ጀምሯል። ሁለታችን አብረን ወረቀቱን ወደ ሳጥኑ መለስነው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሐያት በቪዲዮ ደወለች። ነጃት ተኝታ ነበር። ሐያት ፊቷ አብጧል፤ የለቅሶ ይሁን የሥራ አላወቅኩም። ስልኩን አዙራ አንድ ክፍል አሳየችኝ። ትንሽ አልጋ ተዘርግቷል፤ አልጋው ላይ ልብሶች በመልክ በመልኩ ታጥፈው ተደርድረዋል።

«ይኸው፣ ክፍሏን ጨረስኩ» አለችኝ። አንዱን ቀሚስ አንስታ ዘረጋችልኝ።

ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሳላስበው ዓይኔ ለካው። የስድስት ወር ሕፃን ልብስ ነው። ነጃት ከገባችበት እጅጌው ይቀደዳል።

«ሐዩ፣ ይህ እኮ አይገባትም» አልኳት። በድምፄ ውስጥ ደስታ ነበረ፤ አልደብቃችሁም። የልጇን ልክ አታውቅም! እኔ ግን በጨለማ ውስጥ እንኳ በእጄ ስንዝር እለካታለሁ።

ሐያት ቀሚሱን አየችው። ቀስ ብላ አጠፈችው። «ስገዛው ይገባት ነበር» አለች።

ከዚያ የተናገረችውን እንዳለ እጽፋለሁ፤ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

«ሰሚዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ለአዮ እንዳትነግሪ። እንደመጣሁ ሰሞን ጡቴ ሞልቶ ያመኝ ነበር። ‹ወተቱ እንዳይደርቅ፣ ቶሎ ትመጣ ይሆናል› ብዬ በየሦስት ሰዓቱ አልበው ነበር። አልቤ ማጠቢያው ውስጥ እደፋዋለሁ። ሥራ ቦታም ሽንት ቤት ገብቼ እንደዚያው። ሦስት ወር ሙሉ። ሙስጠፋ እንዳያየኝ ውሃውን ከፍቼ ነው የምደፋው። ከዚያ አንድ ቀን ደረቀ።»

ያጠፈችውን ቀሚስ አልጋው ላይ መልሳ አስቀመጠችው።

«ሰኞ ካለፈ ተነስቼ መምጣቴ ነው» አለች። «ለሙስጠፋ ነግሬዋለሁ። ወረቀቱም ይቅር፣ አገሩም ይቅር። ሄርማታ እመጣና ካንቺ ጋር ቁልፍ እተክላለሁ። ደግነቱ አንቺ አለሽ። ሰው ሲጠይቀኝ ምን እንደምል ታውቂያለሽ? ‹ልጄ ሁለት እናት አላት፣ አንደኛዋ እዚያ ናት› ነው የምለው።»

ስልኩ ተዘጋ። ስልኩን እንደያዝኩ የሱቁ ወንበር ላይ ተቀምጬ ቀረሁ።

መጀመሪያ የተሰማኝን ብነግራችሁ ታፍሩብኛላችሁ፤ ያኔም ቀናሁ። ሰባት ዓመት ሙሉ ዓይኔን ያቀላሁበትን አገር እንደ ጨርቅ ቁራጭ ልትጥለው ነው። ለነጃት ስትል የምትጥለው ነገር አላት። እኔ ለነጃት ስል የጣልኩት ምን አለ? ለሁለት ቀን «ሲስተም የለም» ማለት ነው የቻልኩት። ከዚያ ማጠቢያው መጣብኝ። ውሃው ተከፍቶ ወተቱ ሲፈስ አየሁት። እኔ ያን ጊዜ እዚህ ዱቄት ወተት እየበጠበጥኩ «እናትሽ እኮ ተመችቷታል» እያልኩ ለነጃት አወራላት ነበር። ሐያት በተመቻት ቦታ ቁጭ ብላ ልጇን የረሳች አድርጌ ነበር በጭንቅላቴ የሳልኳት፤ እንደዚያ ካልሆነች እኔ ሌባ እሆናለኋ።

አዮ ገብታ እንዲህ ተቀምጬ አገኘችኝ። ወረቀቱን እንዳየችው ወይ ከድር እንደነገራት እስከ ዛሬ አላውቅም። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ብላኝ ብቻ ወጣች። ሌላ ጊዜ ብትለኝ እጣላት ነበር።

ዓርብ በማለዳ ነጃትን አዝዬ እንደገና ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ከድር መናኸሪያ ድረስ ሸኘን። «አብሬሽ ልሂድ?» አለኝ። «አይሆንም፣ ያላልኩትን እኔው ራሴ ልበለው» አልኩት። ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ፤ መቼ እንደወሰደው አላየሁም። ነጃትን በስሟ ጠርቶ ሳማት፤ የአባቷን ስም ግን አልጨመረበትም።

አባ ሜጫን ከመስጊድ በፊት እንዳገኛቸው ቤታቸው ሄጄ ይዣቸው መጣሁ። ለምን እንደሆነ አልነገርኳቸውም፤ ብነግራቸው አይመጡም ብዬ ፈርቼ ነበር። ቢሮው ውስጥ ሰው ሞልቷል። ልጃቸውን ያቀፉ ባልና ሚስት፣ የሞት ወረቀት የሚጠብቅ ጎልማሳ፣ ሌሎችም አሉ። መዝጋቢዋ ሳቀችልኝ።

«አዴ፣ ምነው? ስህተት አለበት?»

«አለበት» አልኩ። ክላሰሩን አውጥቼ ውክልናውንና የፓስፖርቱን ቅጂ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩ። «የእናትየዋ ስም ሐያት ነው። አባቷ ሙስጠፋ ነው።»

አላመነችኝም። ወረቀቱን አየች፣ እኔን አየች፣ ጀርባዬ ላይ ያለችውን ልጅ አየች። እንደ ማክሰኞው በኦሮምኛ ጠየቀችኝ፤ አሁን ግን ድምጿ ጠንክሯል።

«ሃቲ ኢሼ ኤኙ?»

«አኒ ሚቲ» አልኩ። እኔ አይደለሁም። ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩት። «አኒ ሚቲ። አክስቷ ነኝ።»

ነጃት ድምፄ ተለውጦባት ነው መሰለኝ ከጀርባዬ ጆሮዬን ይዛ «ማማ» አለችኝ። የሞት ወረቀት ጠባቂው አጠገብ የነበረች አንዲት ሴት በእጇ አፏን ያዘች።

አባ ሜጫ በዱላቸው ወለሉን መቱ። «ሰሚራ! ምን ነካሽ? የተመረቀልሽን ልጅ በአደባባይ ትክጃለሽ?»

«አባ፣ እርስዎ እኔን ሊያከብሩ ነው ያሉት፤ ኀጢአቱ የእርስዎ አይደለም። ወግ አክብረው ተናገሩ። እኔ ግን ይህን ውክልና በቦርሳዬ ይዤ ነው ዝም ያልኩት። እናቷ እዚያ ሆና ታለቅሳለች። ይህ ወረቀት ካልተስተካከለ ልጇን አታገኝም።»

የሚረግሙኝ መስሎኝ ራሴን ዝቅ አደረግሁ። ሽማግሌው ግን አግዳሚው ላይ ተቀመጡና ወደ መዝጋቢዋ ዞሩ።

«በእኛ ወግ ያልኩት ልክ ነው» አሉ። «በመንግሥት ወረቀት ግን የወለደቻት ሐያት ናት። ጻፊው፣ እኔም ልፈርም።» ወደ እኔ ሳያዩ ጨመሩ፦ «ጉዲፈቻ ከእናት ላይ የሚነጠቅ አይደለም፤ እናት ናት የምትሰጠው። እኔም አልጠየቅኳትም ነበር።»

መዝጋቢዋ ተቆጣችኝ። ፊርማዬን፣ ማመልከቻዬን፣ ማብራሪያዬን ተቀበለች፤ ኃላፊዋ ጋ ገብታ ወጣች። በሐሰት በማስመዝገብ ልትጠየቂ ትችያለሽ ብላ አስፈራራችኝ፤ የምትለው ልክ ነበርና አልተከራከርኩም። ከቀትር ሰላት በኋላ የመጀመሪያው ወረቀት ፊቴ ላይ ተሰርዞ አዲሱ ተሰጠኝ። ነጃት ሙስጠፋ። በሩ ላይ ቆሜ ፎቶ አነሳሁትና ለሐያት ላክሁላት። ወዲያው የመጣልኝ መልስ ልቅሶ ብቻ ነበር፤ የድምፅ መልእክት።

ሰኞ ሳይደርስ ወረቀቱ ገባ። ከስንት ወር በኋላ የነጃት ፈቃድ ወጣ። ሐያት ልትወስዳት ራሷ መጣች። ለሐያትም የማክሰኞውን ነገር ነገርኳት። አልጮኸችብኝም። ተነስታ ሌላ ክፍል ገባችና በሩን ዘጋች፤ ስትወጣ «ሻይ አለ?» ነው ያለችኝ። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አንስተን አናውቅም። ይቅር ትበለኝ አትበለኝ ለመጠየቅ ድፍረቱ የለኝም።

አሁን እናንተን ልጠይቃችሁ። ይህን ስታነቡ «እሰይ፣ ተመለሰች፣ ጸዳች» ብላችሁ ይሆናል። እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። በአደባባይ አንድ እውነት መናገር ልብን የሚያጥብ መስሎኝ ነበር። እንዳይመስላችሁ። እኔ ያን ቀን ወረቀቱን ነው የመለስኩት እንጂ ልጅቷን ገና አልመለስኩም ነበር።

የመሄጃቸው ቀን ነጃት የምትወደውን የምትጠላውን ሁሉ ለሐያት ነገርኳት። እንቁላል ያሳክካታል፤ ነጎድጓድ ትፈራለች፤ ጸጉሯን ሲያበጥሯት ከጫፍ ነው የሚጀመረው። ሐያት ሁሉንም ስልኳ ላይ ጻፈች። «ሌላስ?» አለችኝ። «ሌላ የለም» አልኳት። አንድ ነገር ግን አስቀርቼ ነበር። ነጃት የምትተኛው በሆዷ አስተኝተው ውስጥ እግሯን በአውራ ጣት ቀስ እያሉ ሲጫኗት ብቻ ነው። ይህን ከእኔ ሌላ የሚያውቅ የለም፤ ከድርም አያውቅም። ይህቺስ ለእኔ ትቅር አልኩ።

በሄዱ በአምስተኛው ቀን ጠዋት ሱቄን እየከፈትኩ ሳለ ሐያት ደወለች። ከኋላዋ የነጃት ጩኸት ይሰማል፤ የደከመ፣ የሻከረ ጩኸት።

«ሰሚዬ፣ አልተኛ አለች። ከመጣን አንድ ሰዓት እንኳ ደህና አልተኛችም። አንቺን ነው የምትጠራው። ምን ላድርጋት? ምን ታደርጊያት ነበር?»

መልስ ሳልሰጥ ቆየሁ። ጩኸቷን እየሰማሁ፣ አላህ ይቅር ይበለኝና፣ ማማ የምትለው እኔን መሆኑ ደስ እያለኝ ነው የቆየሁት። አሁንም እቀናለሁ፤ ነገም እቀናለሁ፤ ቅናት እንደ ደም ግፊት ነው፣ እየጠበቁት ይኖሩበታል እንጂ አይድንም። እናንተም ውስጥ ካለ፣ ‹ሁለተኛ አልመለስም› ብሎ ምሎ ይሄዳል ብላችሁ አትጠብቁት። መጥቶ ሲቀመጥ ግን እጁ ላይ ምን እንደያዘ እዩት።

«በሆዷ አስተኚያት» አልኳት። «ካልሲዋን አውልቂ። አውራ ጣትሽን ውስጥ እግሯ ላይ አድርጊ… እዚያ አይደለም፣ ተረከዟ ጋ፣ ቀስ አድርገሽ። ጫን፣ ለቀቅ።»

ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ቆምኩ። ጩኸቱ ቀነሰ። ወደ እልህ ተለወጠ፤ ከዚያ ወደ ትንፋሽ። አንዴ ብቻ ተንሰቀሰቀች። ከዚያ ምንም አልተሰማም።

«ተኛች» አለችኝ ሐያት በሹክሹክታ።

«አውቃለሁ» አልኳት።